ቢላል በካርቱን፣ ቢላል በቤታችን



ባለፈው ክረምት ዘመድ ለመጠየቅ ወደ ምዕራብ ሐረርጌ ወርደን ነበር። ከአዲስ አበባ ተነስቶ አዋሽን፣ ከዚያም ሚኤሶን ያለፈ መንገደኛ የቆላውን ሙቀት ከኋላው ትቶ ሽቅብ ወደ ጨርጨር ተራሮች ይወጣል። ጭሮ የምትገኘው እዚያው ከዳገቱ ላይ ነው፤ ትልልቆቹ ዛሬም አሰበ ተፈሪ ይሏታል። ያረፍንበት ቤት እንደ ብዙዎቹ የአካባቢው ቤቶች ሁሉ ጎረቤት የማይጠፋበት፣ የሆጃው ማንቆርቆሪያ ከእሳት የማይወርድበት ነው።

ከዐስር ሶላት በኋላ ስድስት ሕፃናት ረከቦቱን ተደግፋ በቆመች አንዲት የእጅ ስልክ ዙሪያ ተኮልኩለው አገኘናቸው። የሚያዩት የካርቱን ፊልም ነው። «ምንድን ነው የምታዩት?» አልናቸው። «ቢላል ነው!» አሉ ባንድ ድምፅ። ደስ አለን። እኛም ከጀርባቸው ቁጭ ብለን እስከ መጨረሻው አየን።

ፊልሙ ሲያልቅ ልጆቹ ወደ ግቢ ወጡ። ወዲያው ጨዋታ ተጀመረ። የስድስት ዓመቱ ወንድ ልጅ ከአጥሩ ላይ አንዲት የደረቀች የማሽላ አገዳ መዘዘና «ሰይፌ ናት» አለ። ከመካከላቸው መልኩ ጠቆር ያለ የጎረቤት ልጅ ነበር። ታላቅየው እሱን መረጠና «አንተ ቢላል ሁን» አለው። ልጁ ደስ ብሎት መሬት ላይ ተጋደመ፤ ድንጋይ ነው ተብሎ አንድ ትራስ ደረቱ ላይ ተጫነበት። ቢላል ነፃ ወጥቶ ሰይፍ የሚያነሳበት ሰዓት ሲደርስ ግን ታላቅየው ትራሱን አነሳና «አሁን ደግሞ እኔ ነኝ ቢላል፤ አንተ ባሪያው ነበርክ» ብሎ አገዳውን ራሱ ያዘ።

በዚሁ መካከል የስምንት ዓመቷ ልጅ ወደ እኛ መጥታ «ነቢ የታሉ? ስማቸው እንኳ አልተጠራም!» ብላ ጠየቀች። ቤቱ ዝም አለ። ትልልቆቹ እርስ በርስ ተያየን።

ውድ አንባብያን! የዛሬውን ዓምዳችንን የምናውለው በእነዚህ ሁለት ነገሮች ላይ ነው፤ በልጅቷ ጥያቄና በልጆቹ ጨዋታ ላይ። ሁለቱም የመጡት ከአንድ ፊልም ቢሆንም መልሳቸው ግን ከአንድ ቦታ የሚገኝ አይደለም።

ፊልሙ ምንድን ነው?

«ቢላል» የተባለው ይህ የካርቱን ፊልም መቀመጫውን ዱባይ ባደረገው ባራጁን በተባለ ድርጅት ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2015 ለመጀመሪያ ጊዜ ቀረበ። አዘጋጆቹ አይመን ጀማል እና ኹራም አለዊ ናቸው። ሥዕሉ በሙሉ በኮምፒዩተር የተሠራ ሲሆን 30 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር ገደማ እንደወጣበት ተዘግቧል። በ2016 በባሕረ ሰላጤው አገሮች ሲኒማ ቤቶች፣ በ2018 ደግሞ በአሜሪካ ታይቷል። ትልቁን ቢላልን ሆኖ የሚናገረው ወላጆቹ ናይጄሪያውያን የሆኑት እንግሊዛዊ ተዋናይ አዴዋሌ አኪኑዬ-አግባጄ ነው። የፊልሙ ቋንቋ እንግሊዝኛ ነው።

ታሪኩ ባጭሩ እንዲህ ነው፦ ታላቅ ተዋጊ ለመሆን የሚመኝ አንድ ሕፃን ከእህቱ ጋር ተጠልፎ ሩቅ አገር ይወሰዳል። እዚያም ለኡመያ ይሸጣል፤ ከኡመያ ልጅ ከሰፍዋን ጭካኔ ጋር ይጋፈጣል። ጣዖት እየሸጠ የሚበለጽግ ካህን ያያል። የሰው ልጅ ሁሉ እኩል ነው የሚል መልእክት ይሰማል፤ ይሰቃያል፣ ነፃ ይወጣል፣ በመጨረሻም ጦር ሜዳ ይወርዳል።

እውነቱን ለመናገር የሥዕሉ ውበት ያስደንቃል። የመካ ገበያ፣ የአሸዋው ነፋስ፣ የፈረሶቹ ግልቢያ ዓይን ይይዛሉ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ጥቁር ልጅ ጀግና ሆኖ የሚታይበት የካርቱን ፊልም ስንት አለን? ለጭሮም፣ ለሂርናም፣ ለገለምሶም ልጅ ራሱን የሚመስል ጀግና በስልክ መስታወት ላይ ማየት ቀላል ነገር አይደለም። ይህን በጎ ጎኑን ሳናነሳ ወደ ጉድለቱ ብንሮጥ ፍትሕ አይሆንም።

ነገር ግን የልጅቷ ጥያቄ ትክክል ነበር። በፊልሙ ውስጥ የአላህ መልእክተኛ (ሰ.ዐ.ወ) ስም አይጠራም፤ እስልምናም በስሙ አይነሳም። ቢላልን (ረ.ዐ) ያነቃው አጠቃላይ የነፃነትና የእኩልነት ሐሳብ ሆኖ ቀርቧል። የነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) ምስል አለማሳየት ተገቢ አደብ ነው፤ በዚህ ማንም አያማርርም። ምስልን መተው ግን ሌላ፣ ስምን መተው ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 የተሠራው «ሙሐመድ የመጨረሻው ነቢይ» የተሰኘው የካርቱን ፊልም የነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) ምስል ሳያሳይና ድምፃቸውን ሳያሰማ ታሪካቸውን ተርኳል፤ ወደ ሐበሻ የተደረገውን ስደትም አካቷል። የፊልሙ አዘጋጅ ሪቻርድ ሪች የተባለ አሜሪካዊ የካርቱን ባለሙያ ነበር። እንግዲህ አደብ ጠብቆ ስሙን መጥራት የማይቻል ነገር አልነበረም ማለት ነው።

ተረትና ሲራ

ምናልባት አንዳንድ ወላጆች «ካርቱን አይደል? ልጆቹ እንዲዝናኑበት የተሠራ ነው፤ ትንሽ ቢጨመር ቢቀነስ ምን አለበት?» ይሉ ይሆናል። ለዚህ ጥያቄ መልስ ለመስጠት ከዚያችው ከአሰበ ተፈሪ አንድ ጥሩ ምሳሌ እናገኛለን።

ይህችን ከተማ ለጨርጨር አውራጃ ዋና ከተማነት ካደራጇት ሰዎች መካከል ስማቸው በግንባር ቀደምትነት የሚነሳው ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ናቸው። በልጅነታቸው ወደ ሩሲያ ሄደው የተማሩት እኚህ ሰው በኋላ የ1923 ዓ.ም ሕገ መንግሥት አርቃቂ ሆነዋል። ወደ ጨርጨር ገዥነት ከመምጣታቸው በፊት ግን በ1913 ዓ.ም ገደማ «ፋቡላ፦ የአውሬዎች ኮመዲያ» የተሰኘ ተውኔት ጽፈው አዲስ አበባ ላይ አሳይተው ነበር። በአገራችን የመጀመሪያው ዘመናዊ ተውኔት የሚባለው ይኸው ነው። በአውሬ አፍ የሹማምንቱን ጉቦና ግፍ ስለነካካ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ታገደ።

ተክለ ሐዋርያት መሠረት ያደረጉት የፈረንሳዊውን የላ ፎንቴንን ተረቶች ነው። ላ ፎንቴን ደግሞ በ17ኛው ምዕተ ዓመት ተረቶቹን ሲጽፍ ከኤዞፕ ብቻ ሳይሆን ከምሥራቅም ወስዷል። የወሰደበት መንገድ ሲመረመር በ8ኛው ምዕተ ዓመት ኢብኑል ሙቀፈዕ ከፋርስ ቋንቋ ወደ ዐረብኛ ከመለሰው «ከሊላ ወዲምና» ከተባለው መጽሐፍ ያደርሰናል። የዚያ መጽሐፍም ሥሩ ሕንድ ነው። ነገረኛው ቀበሮ ዲምና ንጉሡን አንበሳና የዋሁን በሬ እንዴት እንዳጣላቸው የሚናገረው ታሪክ እንግዲህ ከሕንድ ፋርስ፣ ከፋርስ ባግዳድ እያለ ስንቱን አገር ዞሯል።

በዚህ ሁሉ ጉዞ አውሬዎቹ ስማቸው ተለውጧል፤ አንዱ ጋ ቀበሮ የሆነው ሌላው ጋ ጦጣ ሆኗል። ማንም አልተጎዳም፤ ምክንያቱም ቀበሮውና አንበሳው የሉም። በተረት ውስጥ የሚፈለገው ምክሩ ነው። «ተረት ተረት» ሲባል «የላም በረት» ብሎ የሚመልስ ልጅ፣ በኦሮምኛም «ዱሪ ዱሪ» ሲባል ጆሮውን የሚያቀና ልጅ ሊሰማ ያለው ነገር የተፈጠረ መሆኑን ከመግቢያው ያውቃል። የተረቱ በር ራሱ ማስጠንቀቂያ ነው።

ሲራ ግን እንዲህ አይደለም። ቢላል ኢብኑ ረባሕ (ረ.ዐ) የኖሩ፣ የተራቡ፣ የተገረፉ፣ አዛን ያሉ፣ በሻም ምድር የሞቱ ሰው ናቸው። ታሪካቸውን ያስተላለፉልን ሰዎች እገሌ ከእገሌ፣ እገሌም ከእገሌ ሰማ እያሉ ሰንሰለቱን ጠብቀው ነው። ስለዚህ የቢላልን (ረ.ዐ) ታሪክ እንደ ከሊላና ዲምና እንደፈለጉ መለዋወጥ አይቻልም። ፊልም ሠሪው የካርቱን ጥበብ ግድ ብሎት ያልነበረ ንግግር ቢጨምር እንኳ ይህ የተጨመረ መሆኑን ለልጁ የሚነግረው ሰው ያስፈልጋል። ያ ሰው ማን ነው? ወላጅ ነው።

የተለወጠውና የቀረው

እስቲ ከፊልሙ ጥቂት ነጥቦችን ወስደን ከሲራ መጻሕፍት ጋር እናስተያያቸው።

አንደኛ፦ ፊልሙ ቢላልን (ረ.ዐ) ነፃ ተወልዶ በሕፃንነቱ የተጠለፈ ልጅ ያደርጋቸዋል። የታወቁት ዘገባዎች ግን በመካ ወይም በአካባቢዋ በባርነት እንደተወለዱ ያመለክታሉ። አባታቸው ረባሕ፣ እናታቸው ሐማማ ይባላሉ፤ ዘራቸው ከሐበሻ ነው። ያደጉት በበኑ ጁመሕ ጎሳ መካከል ሲሆን አሳዳሪያቸው ኡመያ ኢብኑ ኸለፍ ነበር። ይህ ልዩነት ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን ትንሽ አይደለም። ነፃ ሆኖ ተወልዶ ነፃነቱን የተነጠቀ ሰው የሚናፍቀው ያየውን ነው። ነፃነትን አንድ ቀን እንኳ ሳያይ ተወልዶ ያደገ ሰው ግን ከአላህ በቀር ጌታ የለኝም ለማለት የደፈረው ከኢማኑ በቀር ምን ኖሮት ነው?

ሁለተኛ፦ ፊልሙ ቢላልን (ረ.ዐ) ከልጅነታቸው ጀምሮ ተዋጊነትን የሚያልሙ አድርጎ ስሏል፤ ጦርነቱንም ትልቅ ቦታ ሰጥቶታል። ያ የስድስት ዓመት ልጅ አገዳ የመዘዘው ለዚህ ነው። በሲራው ግን የቢላል (ረ.ዐ) ታላቅ ጀግንነት የታየው ባዶ እጃቸውን በነበሩ ጊዜ ነው። በመካ በነበሩት ዓመታት ሙስሊሞች እንዲዋጉ ገና አልተፈቀደላቸውም ነበር። ኡመያ በቀትር ፀሐይ ወደ አሸዋው አውጥቶ ያስተኛቸውና ትልቅ ድንጋይ ደረታቸው ላይ ያስጭናል። ላትንና ዑዛን እንዲያወድሱ ያዛቸዋል። እሳቸው ግን ከአንዲት ቃል በቀር አልመለሱም፦ «አሐድ፣ አሐድ» — አንድ ነው፣ አንድ ነው። ሰይፍ የለም፣ ፈረስ የለም፣ ወገን የለም፤ ምላስ ብቻ ነው የቀረላቸው፤ እሱንም ለአላህ ሰጡት። ልጆቻችን ከዚህ ታሪክ አንድ ነገር ብቻ ይዘው እንዲወጡ ብንመርጥ የምንመርጠው ይህን ነው።

ሦስተኛ፦ ከዚያ ሥቃይ ያወጣቸው ማን እንደሆነ ልጅ በግልጽ ሊያውቅ ይገባል። አቡበክር (ረ.ዐ) በገንዘባቸው ገዝተው ነፃ አወጧቸው። ኋላም ዑመር (ረ.ዐ) ስለዚህ ነገር ሲናገሩ አቡበክርን አለቃችን፣ ነፃ የወጡትን ቢላልንም እንደዚሁ አለቃችን ይሉ እንደነበር ቡኻሪ ዘግበውታል። የቁረይሹ ታላቅ ሰው ዑመር ትናንት በገበያ ይሸጥ የነበረን ሰው አለቃዬ ሲሉ፣ ውድ አንባብያን፣ ከዚህ የበለጠ የእኩልነት ትምህርት ከየት ይመጣል?

አራተኛ፦ የበድር ዘመቻ በ2ኛው ዓመተ ሂጅራ (እ.ኤ.አ. 624) ሲደረግ ኡመያ ከልጁ ከዐሊይ ጋር ተገድሏል። የቀድሞ ወዳጁ ዐብዱረሕማን ኢብኑ ዐውፍ (ረ.ዐ) ሊያተርፉት ሞክረው ነበር፤ ቢላል (ረ.ዐ) አይተው አንሷሮችን ተጣሩ፣ ኡመያም በዚያ ወደቀ። ይህ የሆነ ነገር ነውና አንሸሽገውም። ነገር ግን በፊልሙ ክፉ ልጅ ሆኖ የቀረበው ሰፍዋን ኢብኑ ኡመያ መጨረሻው ምን ሆነ? መካ በ8ኛው ዓመተ ሂጅራ ስትከፈት ሸሸ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በሰላም እንዲመለስ አደረጉ፤ እንዲያስብበት አራት ወር ሰጡት። በሑነይን ዘመቻ ከእርሱ የጦር ልብስ ተዋሱ፤ ኋላም ከምርኮው ሰጥተው ልቡን አለዘቡት፤ ሰለመም። የቢላል አሠቃዮች ልጅ ከቢላል ጋር በአንድ ሰፍ ለሶላት የሚቆምበት ዘመን መጣ። ይህን ያልሰማ ልጅ ከፊልሙ የሚወስደው ጠላት መጨረሻው መመታት ብቻ እንደሆነ ነው። ይህን የሰማ ልጅ ግን ጠላት ወንድም ሊሆን እንደሚችልም ያውቃል።

አምስተኛ፦ ቢላል (ረ.ዐ) በዓለም ሙስሊም ሁሉ ዘንድ የሚታወቁት በሰይፋቸው ሳይሆን በድምፃቸው ነው። የአዛኑ ቃላት ለዐብዱላህ ኢብኑ ዘይድ (ረ.ዐ) በሕልም በታዩ ጊዜ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ቃላቱን ለቢላል እንዲያስተምራቸው አዘዙት፤ ድምፁ ካንተ ድምፅ ያማረ ነው ብለው። መካ የተከፈተች ቀንም ከካዕባ አናት ላይ አዛን ያሉት እሳቸው ናቸው።

እዚህ ላይ በራሳችንም ላይ መመስከር ይገባናል። የዚያ ቤት አያት ልጆቹን ሰብስበው የቢላልን ታሪክ ሲነግሯቸው «ቢላል እኮ ‘ሺን’ን መጥራት አይችልም ነበር፤ ‘አስሀዱ’ ነበር የሚለው» አሏቸው። ይህን እኛም በልጅነታችን ሰምተን አድገናል። ኢብኑ ከሢርን የመሳሰሉ ዑለማእ ግን ይህ ወሬ መሠረት እንደሌለው ተናግረዋል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ለድምፁ ማማር የመረጡት ሰው ፊደል ይሳሳት ነበር ማለትስ እንዴት ይሆናል? እንደዚሁ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ካለፉ በኋላ ቢላል ከሻም ወደ መዲና ተመልሰው አዛን ሲሉ ከተማዋ በሙሉ በለቅሶ ተናወጠች የሚለው ልብ የሚነካ ታሪክ ሰንሰለቱ ደካማ መሆኑን አዝ-ዘሀቢ ገልጸዋል። እንግዲህ ታሪክ ላይ የሚጨምረው የዱባይ ፊልም ብቻ አይደለም። እኛም በምድጃ ዳር እንጨምራለን። ፊልሙን በሰፈርንበት ቁና ራሳችንንም መስፈር አለብን።

ባሪያው ማን ነው?

አሁን ወደ ግቢው ጨዋታ እንመለስ። ያ ጠቆር ያለ ልጅ ቢላልን እንዲሆን የተፈቀደለት ድንጋይ እስከተጫነበት ድረስ ብቻ ነበር። ክብሩ ሲመጣ ሌላው ወሰደበት። ይህን ልጆቹ ከፊልሙ አልተማሩትም። ፊልሙ በተቃራኒው ነው የሚያስተምረው። ከየት ተማሩት እንግዲህ?

ውድ አንባብያን! ከእኛ ነው የተማሩት። በአገራችን «ባሪያ» የሚለው ቃል ዛሬም በየሰፈሩ፣ በየገበያው፣ በየሠርጉ ይሰማል። የሰውን መልክ አይተን፣ የአፍንጫውን ቅርጽ አይተን፣ አያቱ ማን ነበር ብለን ጠይቀን እንናገረዋለን። ልጅ ለመዳር ሲታሰብ በሹክሹክታ ይነሳል። በኢትዮጵያ ባርነት በሕግ ሙሉ በሙሉ የተከለከለው እ.ኤ.አ. በ1942 ነው፤ ይህም የብዙዎቻችን አያቶች ያዩት ዘመን ነው። ሕጉ ሰንሰለቱን ቆረጠ፤ ቃሉን ግን ከምላሳችን አላወጣም። በሐረርጌ ምድርም ቢሆን ወደ ባሕሩ ወደቦች የሚወርዱ የባሪያ ነጋዴዎች መንገድ ያልፍ እንደነበር ታሪክ ይመሰክራል። ከገዢውም ከተሸጠውም ወገን የሰው ዘር ዛሬ በአንድ መስጊድ ይሰግዳል።

በአንድ በኩል «የመጀመሪያው ሙአዚን ሐበሻ ነው» እያልን ደረታችንን እንነፋለን፤ ልጆቻችንን ቢላል ብለን እንሰይማለን። በሌላ በኩል ደግሞ ቢላልን የሚመስለውን የጎረቤት ልጅ እንሰድባለን። ታላቁ ሶሓባ አቡ ዘር (ረ.ዐ) አንድን ሰው በእናቱ መልክ ባነወሩት ጊዜ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ገና የጃሂልያ ጠባይ ያልለቀቃቸው መሆኑን ነግረው ገሥፀዋቸዋል፤ ተሰዳቢው ቢላል እንደነበሩ የሚገልጽ ዘገባም አለ። ቢላል (ረ.ዐ) ከካዕባ አናት ላይ አዛን ባሉ ቀንም ከመካ ትላልቅ ሰዎች አንዳንዶቹ በቀለማቸው እንደተሳለቁ ተዘግቧል። የሰው ልጆች ከአንድ ወንድና ከአንዲት ሴት እንደተፈጠሩ፣ ከአላህ ዘንድም የተከበረው ይበልጥ የሚፈራው እንደሆነ የሚያስተምረውን የሱረቱል ሑጁራት አንቀጽ አንዳንድ ሙፈሲሮች ከዚህ ቀን ጋር ያያይዙታል።

አያት የልጆቹን ጨዋታ በመስኮት አይተው ነበር። ወጡና ጠቆር ያለውን ልጅ እጁን ይዘው ወደ ቤት አስገቡት። ከጎናቸው አስቀምጠው የመጀመሪያውን ስኒ ሆጃ ለእሱ ሰጡት። ከዚያም ለታላቅየው «ድንጋዩን የተሸከመው አዛኑንም ይበለው እንጂ! ሰይፉን ለምን ቀማኸው?» አሉት። ታላቅየው አንገቱን ደፋ። እኛም ደፋን፤ እኛ ተቀምጠን ስናይ አልተናገርንምና።

ምን እናድርግ?

«ልጆቹን ፊልም ከልክሉ» ብለን ለመምከር አልተነሳንም። ስልኩ ከቤታችን ገብቷል፤ የሚወጣም አይመስልም። ይልቅ የሚከተሉትን እንድናደርግ ለራሳችንም ለእናንተም አደራ እንላለን።

1. አብረን እንይ። ልጅ ዝም ስላለ ብቻ ስልክ ሰጥቶ መሄድ አደራን መጣል ነው። ፊልሙ ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ ይወስዳል፤ በሁለት ቀን ከፍሎ፣ ከመግሪብ በፊትና ከዒሻ በኋላ ማየት ይቻላል።

2. እያቆምን እንጠይቅ። ሦስት ጥያቄ ይበቃል፦ ይህ በእርግጥ ሆኗል ወይስ ለፊልሙ የተጨመረ ነው? ከዚህ ውስጥ ማን ቀርቷል? አንተ ብትሆን ምን ታደርግ ነበር? ልጅ መልሱን ቢያጣ ምንም አይደለም፤ መጠየቅን ይለምዳል።

3. በልጁ ቋንቋ እንንገረው። ፊልሙ እንግሊዝኛ ነው፤ የጭሮና የበዴሳ ሕፃን የሚያየው ሥዕሉን ነው እንጂ ቃሉን አይሰማም። ቃል የሌለው ሥዕል ደግሞ ሰይፍና ፈረስ ብቻ ይሆናል። በኦሮምኛም ይሁን በአማርኛ የምንነግረው እኛ ነን።

4. ያላወቅነውን እንጠይቅ። የመድረሳው ኡስታዝ ቅርብ ነው። «ይህ ታሪክ ሶሒሕ ነው?» ብሎ መጠየቅ ለወላጅ ውርደት አይደለም፤ ልጁ ፊት ቢጠይቅ ደግሞ ለልጁ ትልቅ ትምህርት ነው።

5. ያንን ቃል ከቤታችን እናውጣ። በቀልድም፣ በቁጣም፣ በሹክሹክታም።

የራሳችንን መሥራትስ? 30 ሚሊዮን ዶላር የለንም ብለን እጃችንን አጣጥፈን አንቀመጥ። «አባባ ተስፋዬ» በመባል የሚታወቁት፣ በ2009 ዓ.ም ያረፉት ተስፋዬ ሳህሉ አንድ ወንበር ላይ ተቀምጠው ተረት በመንገር ብቻ ለበርካታ ዓመታት የአገሪቱን ልጆች ከቴሌቪዥን ፊት አስቀምጠዋል። እ.ኤ.አ. በ2006 በቴሌቪዥን የጀመረው «ጸሐይ መማር ትወዳለች» የተሰኘው የልጆች ዝግጅት ዋና ባለታሪኩ በእጅ የምትንቀሳቀስ የቀጭኔ አሻንጉሊት ነበረች። ሥራውን የጀመሩት መምህርቷ ብሩክታዊት ጥጋቡና ባለቤቷ ነበሩ። ጥሩ ድምፅ ያላት አንዲት እናት፣ የሲራ እውቀት ያለው አንድ ኡስታዝ፣ ሥዕል የሚችል አንድ ወጣት ቢገናኙ የነጃሺን ታሪክ፣ የቢላልን ታሪክ በራሳችን ቋንቋ ለመጀመር ምን ያንሳል?

ለልጅቷ ጥያቄ መልስ የሰጡት በመጨረሻ አያት ነበሩ። «ነቢ የታሉ?» ላለችው «ፊልሙ ውስጥ ስማቸውን ባትሰሚ ቢላል በየቀኑ አምስት ጊዜ ይጠራው የነበረው የማንን ስም ነው? አሁን መግሪብ ሲደርስ ጆሮሽን ስጪ» አሏት። መግሪብ ደረሰ፤ ከመስጊዱ አዛን ተሰማ። ልጅቷ በጣቷ እየቆጠረች አዳመጠች፤ ስሙ ሲደርስ ቀና ብላ አየችን።

በማግስቱ ጠዋት ስንነሳ ልጆቹ እንደገና ግቢው ውስጥ ነበሩ። አገዳዋም ከታናሽየው እጅ አልወረደችም። አንድ ምሽት የነገሩት ነገር አንድ ምሽት ብቻ ነው፤ ተርቢያ የዕለት ተዕለት ሥራ ነው። ጠቆር ያለው ልጅ ግን ያን ጠዋት መሬት ላይ አልተጋደመም። ቆሞ፣ እጁን ከጆሮው ላይ አድርጎ ነበር።

አላህ (ሱ.ወ) ልጆቻችንን የእውነተኛው ቢላል ወዳጆች ያድርግልን፤ ምላሳችንንም ከወንድሞቻችን ክብር ላይ ያንሳልን። አሚን። ወላሁ አዕለም።